ከችግኙ በፊት የቆመውን ዛፍ

«ሥልጣንም ገንዘብም የለኝም፤ ደን ሲመነጠር እያየሁ ምን ላድርግ? ችግኝ መትከል ይበቃል?» ብለው ለጠየቁት፦ አይበቃም። ይህን ያወቅሁት ተሳስቼ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከጓደኞቼ ጋር በአንድ ክረምት ብዙ ችግኝ ተከልን። ፎቶ ተነሣን፣ ደስ ብሎን ተመለስን። በዓመቱ ስንሄድ የጸደቀው ጥቂት ነው፤ የሚንከባከበው አልነበረማ። ይባስ ብሎ ከሜዳው ባሻገር ያለው ነባር ደን ዳር ዳሩ ተመንጥሯል። እኛ ጉድጓድ ስንቆፍር ወደዚያ ዞር ብሎ ያየ ሰው አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ የቆመውን ደን ከመመንጠር መጠበቅ ላይ አተኮርን። «ግሎባል ፎረስት ዋች» የሚባል ነፃ ድረ ገጽ አለ፤ የሳተላይት ምስል እያነጻጸረ ዛፍ የጠፋበትን ቦታ ይጠቁማል። «ፎረስት ዋቸር» የተባለው የስልክ መተግበሪያ ደግሞ ካርታውን አስቀድመው ካወረዱ ኔትወርክ በሌለበትም ይሠራል። ግን ጥቆማ ማስረጃ አይደለም። እኛ ትንፋሻችን እስኪቆረጥ የሮጥንለት የመጀመሪያ ጥቆማ ነፋስ የጣላቸው ዛፎች ሆኖ አረፈው! በቦታው ተገኝቶ ቀንና መገኛው የተመዘገበ ፎቶ የሚያነሣ ሰው የግድ ነው። የደኑን ጎረቤቶችም ይጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ ከሳተላይቱ ቀድመው ያውቃሉ።

አደራ፣ ከቆራጮች ጋር ብቻዎን አይጋፈጡ። ለአማዞን ደን የታገለው ብራዚላዊው ቺኮ ሜንዴስ በ1988 እ.ኤ.አ. የተገደለው በገዛ ቤቱ ነው። ደግሞም መጥረቢያ የያዘው ሰው አብዛኛውን ጊዜ የዕለት ጉርሱን ፈላጊ ነው። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ ከሚደርሰው የደን ጭፍጨፋ 90 በመቶ የሚጠጋው ከእርሻና ከግጦሽ መስፋፋት ጋር የተያያዘ ነው። ይህ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከመጥረቢያው በፊት ወረቀት ላይ ይወሰናል።

ስለዚህ ስብሰባ ይግቡ። በደን መሐል ሊያልፍ የታቀደ መንገድ ላይ የሕዝብ ውይይት ሲጠራ የአካባቢ ተጽዕኖ ጥናቱን ጠይቀን አነበብነው፤ ጫካው ውስጥ ያለው ምንጭ ጭራሽ አልተጠቀሰም። የምንጩን ፎቶ ይዘን ሄድን። መንገዱ አልቀረም፣ ግን ከምንጩ እንዲርቅ ተደረገ። በችግኝ ተከላ የምትታወቀው ኬንያዊቷ ዋንጋሪ ማታይ እንኳ የናይሮቢን ካሩራ ደን ያስጣለችው መሬቱ ለግንባታ መታደሉን ተቃውማ ነው፤ በ1999 እ.ኤ.አ. ችግኝ ልትተክል ስትሞክር ተደብድባ ራሷን ተፈንክታለች።

ግዢም ለውጥ ያመጣል፤ የእንጨት ውጤት ሲገዙ የኤፍ ኤስ ሲ (FSC) ምልክት ይፈልጉ፤ እንጨቱ በኃላፊነት ከሚተዳደር ደን መምጣቱን የሚያመለክት ነው። ምልክቱ እንከን የለሽ አይደለም፣ ከምንም ግን ይሻላል።

መትከል ካማረዎት መጀመሪያ ጉቶ ይፈልጉ። የብዙ ዛፎች ጉቶ ሥሩ ካልሞተ ያቆጠቁጣል። ጠንካራውን ቡቃያ አስቀርተው ሌላውን ይግረዙ፣ ከብት እንዳይደርስበት ይጠብቁት። የኒጀር ገበሬዎች ወደ 5 ሚሊዮን ሄክታር የሚጠጋ መሬት በዛፍ ያለበሱት በአብዛኛው በዚህ መንገድ ነው። እርስዎ የሚያዩት ደን በማን ሥር ነው? ይህን አጣርተው ቢጽፉልን ቀጣዩን አብረን እናስባለን።