አርሴኒክ ያለበት የጉድጓድ ውሃ ቢፈላስ?

እህቴ፣ ጥያቄሽ የዛሬ ስድስት ዓመት የነበርንበትን ጭንቀት አስታወሰኝ። አሜሪካ፣ ኒው ሃምፕሸር የጉድጓድ ውሃ ያለው ቤት ገዝታችኋል። ምርመራው አርሴኒክ የሚባለው መርዛማ ንጥረ ነገር 18 ማይክሮግራም በሊትር አለ። አፍልተን ብንጠጣውስ፣ ለስምንት ወር ልጃችንስ ነው ያልሽው። ማፍላቱ አይረዳም። እንዲያውም ያባብሰዋል።

እኛም ስንገዛ "ውሃው ተመርምሯል" ተብለን ደስ ብሎን ገባን። ወረቀቱን በደንብ ያየሁት ከዓመት በኋላ ነው። ለካ የተመረመረው ለባክቴሪያና ለናይትሬት ብቻ ነበር! የግል ጉድጓድ በፌዴራል ሕጉ አይሸፈንም፤ ጣጣው የባለቤቱ ነው። ለብቻው ስናስመረምር 27 መጣ። ለሕዝብ ውሃ የፌዴራሉ ጣሪያ 10 ነው፤ ኒው ሃምፕሸር ደግሞ ከ2021 ጀምሮ ወደ 5 አውርዳዋለች። እዚያ አካባቢ አርሴኒኩ የሚወጣው ከራሱ ከአለቱ ነው። ስለዚህ "የጎረቤቴ ደህና ነው" ብለሽ አትጽናኚ፤ ከጉድጓድ ጉድጓድ ይለያያል።

ያኔ እናቴ ልታርሰኝ መጥታ ነበር። ለእሷ ጥሩ ውሃ ማለት የፈላ ውሃ ነው። የሕፃኑን ወተት የምትበጠብጥበትን ውሃ ደጋግማ ታንተከትከዋለች። ማፍላት ጃርዲያን ይገድላል። አርሴኒክ ግን ነፍስ የለውም፣ ውሃው ሲተን እንደ ጨው ወደ ኋላ ይቀራል። ስነግራት "ታዲያ ምን ምን ይላል?" አለችኝ። ምንም። ሽታ የለው፣ ጣዕም የለው። እኔ ያደግሁት ዝዋይ ነው። እዚያ ፍሎራይዱ ጥርሳችንን አበልዞ ያሳብቃል፤ ስስቅ ማየት ነው። አርሴኒክ ግን ለዓመታት ድምፁን አጥፍቶ ይቆያል። በኋላ ቆዳ ላይ ነጠብጣብ፣ መዳፍና ውስጥ እግር ላይ መጠንከር ያመጣል፤ ሲከፋም የፊኛ፣ የሳንባና የቆዳ ካንሰር። (በነገራችን ላይ በስምጥ ሸለቆአችን አንዳንድ ጉድጓዶችም ከ10 በላይ ተገኝቷል።)

ከዛሬ ማታ ጀምሮ ለመጠጥ፣ ለልጁ ወተት፣ ለወጥም ለቡናም የታሸገ ውሃ ተጠቀሙ። ገላ መታጠብና ልብስ ማጠብ ግድ የለም፤ በቆዳ የሚገባው በጣም ትንሽ ነው። ተራውን የከሰል ማጣሪያ ጃግ አትግዢ፤ እኔ ገዝቼ ገንዘቤን ነው ያቃጠልኩት። እኛን የገላገለን ከሲንክ ሥር የሚገጠመው ሪቨርስ ኦስሞሲስ (ውሃውን በግፊት በጣም ደቃቅ ቀዳዳ ባለው ስስ ሽፋን የሚያሳልፍ ማጣሪያ) ነው። ከተገጠመ በኋላ ስናስመረምር ከ1 በታች ወረደ። ግን የፍሪጁ በረዶ መሥሪያ ከሌላ ቱቦ ይቀዳ ነበርና ባለቤቴ ለወራት የድሮውን ውሃ በበረዶ መልክ ሲጠጣ ከርሟል። የእናንተን እዩት።

የሽንት ምርመራ ካዘዙላችሁ ከዚያ በፊት ለጥቂት ቀናት ዓሣና ሽሪምፕ ተዉ። እኔ ሽሪምፕ በልቼ ሄጄ ቁጥሩ ሰማይ ነካ፤ ሌሊቱን ሙሉ ሳለቅስ አደርኩ። ሐኪሟ ቆይታ በዓይነቱ አስለይታ ስታስመረምር አብዛኛው የባሕር ምግብ ውስጥ ያለው፣ ብዙም የማይጎዳው ዓይነት ሆነ።

ለልጁ የሩዝ ሲሪያሉን ቀንሺለት። ሩዝ ውሃ በተኛበት ማሳ ስለሚበቅል ከአፈሩ አርሴኒክ ይስባል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪው ኤፍዲኤ በ2020 ለሕፃናት ሩዝ ሲሪያል በኪሎ 100 ማይክሮግራም የሚል ወሰን ያወጣው ለዚህ ነው። እኛ አጃና የጤፍ አጥሚት አፈራረቅንለት። ለራሳችን ሩዝ ስንሠራ እንደ ፓስታ በብዙ ንጹሕ ውሃ ቀቅለን ውሃውን እንደፋዋለን። እናቴ "ቫይታሚኑን ደፋችሁት" ትላለች፣ በከፊል እውነቷን ነው። ቡናማው ሩዝ ደግሞ አርሴኒኩ የፍሬው ውጫዊ ሽፋን ላይ ስለሚከማች ከነጩ ይበልጣል።

አንድ ነገር ረስቼ፦ ማጣሪያ ከመግዛትሽ በፊት ላቦራቶሪውን አርሴኒኩ "ሦስት" ነው ወይስ "አምስት" ብለሽ ጠይቂ፤ ውሃ ውስጥ የሚገኙ ሁለት የአርሴኒክ ዓይነቶች ናቸው። ሪቨርስ ኦስሞሲስ "ሦስትን" በደንብ አይዝም፤ በቅድሚያ በክሎሪን ወደ "አምስት" መቀየር ሊያስፈልግ ይችላል። ሻጩ ይህን ካልጠየቀሽ ሌላ ሻጭ ፈልጊ።