«ሶሪ» ስትለኝ ምን ልበላት?

ጥያቄ፦ የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው፤ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ እሠራለሁ። ባለፈው ወር አያቴ አርፋ ፈቃድ ልጠይቅ አለቃዬ ቢሮ ገባሁ። ስነግራት «አይ አም ሶሪ» አለችኝ። እኔም ደንገጥ ብዬ «ኖ ኖ፣ ኢትስ ኖት ዩር ፎልት» አልኳት። ግራ ገብቷት ዝም ብላ አየችኝ። ትዝ ባለኝ ቁጥር አፍራለሁ። ግን ምንም ሳታጠፋ ለምን ይቅርታ ትለኛለች?

መልስ፦ ነፍስ ይማር፣ እግዜር ያጥናሽ። አየሽ፣ እሷም ያለችሽ ይህንኑ ነው። «ታንክ ዩ» ብትያት ይበቃ ነበር። ማፈሩን ግን ተይው፤ እንግሊዝኛ አፋቸውን የፈቱበት ሰዎችም አንዳንዴ እንዳንቺው ይመልሳሉ።

ጥፋቱ ትምህርት ቤት «ሶሪ ማለት ይቅርታ» ብለን መሸምደዳችን ነው። የኛ «ይቅርታ» የወጣው «ይቅር» ከሚለው ነው፤ የሆነ ጥፋት አለ፣ እሱ ይተው፣ ይቅር ማለት ነው፣ ስለዚህ ጥፋት በሌለበት ቦታ አይገባም፤ ለቅሶ ቤት ገብቶ «ይቅርታ» የሚል ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ? «ሶሪ» ግን በጥንቱ እንግሊዝኛ «ሳር» (የዛሬው «ሶር») ከሚለው፣ ሕመምና ቁስል ማለት ከሆነው ቃል የመጣ ነው። መጀመሪያ ትርጉሙ «አዘንኩ፣ ሆዴን አመመኝ» ነበር፤ ይቅርታ መጠየቂያ የሆነው ኋላ ነው።

ደግሞ ግራ የሚገባን እኛ ብቻ አይደለንም። መኪና ተጋጭቶ ወርዶ «ሶሪ» ያለ ሰው አዘነ ነው ወይስ ጥፋቱን አመነ? ማሳቹሴትስ እ.ኤ.አ. በ1986 በአደጋ ጊዜ የተነገረ የሐዘኔታ ቃል እንደ ጥፋተኝነት ማስረጃ እንዳይቀርብ ሕግ አወጣች። የካናዳዋ ኦንታሪዮም በ2009 ለይቅርታ ብቻ የሚሆን ሕግ አውጥታለች። ለአንዲት ቃል!

ሌላም አለ። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ሶሪ?» ካሉሽ አልሰማሁሽም፣ ድገሚልኝ ነው፤ የኛው «አቤት?» ማለት ነው። እዚያ ላይ «ምንም አይደል» እንዳትያቸው። ናይሮቢ ደግሞ ሰው ሲደናቀፍ «ሶሪ» ይሉታል፣ በስዋሂሊ «ፖሌ» እንደሚሉት፤ ይህ ቁርጥ የኛ «አይዞህ» ነው። አሜሪካ ውስጥ ግን የተደናቀፈው ሰውዬ አንቺ የገፋሽው ሊመስለው ይችላል።

ስታረፍጂ «ሶሪ ፎር ቢ ሌት» አትበይ፤ «ሶሪ ፎር ቢይንግ ሌት» ወይም «ሶሪ አይ አም ሌት» ነው። ከሁሉም በላይ የምትጠነቀቂው ግን «አይ ፊል ሶሪ ፎር ዩ» የምትለዋን ነው። ቃል በቃል «አሳዘንከኝ» ትመስላለች፣ ፊት ለፊት ስትባል ግን «ምስኪን» ብሎ እንደ መናቅ ልትቆጠር ትችላለች። የሥራ ባልደረባሽ እናቱ ቢሞቱበት «አይ አም ሶሪ ፎር ዩር ሎስ» በይው፣ ከዚያ ዝም በይ። እሱም «ታንክ ዩ» ይልሻል።