መልስ፦ ሪፋምፒሲንና የወሊድ መከላከያ

እህቴ፣ «የቲቢ መድኃኒቱ ሪፋምፒሲን የወሊድ መከላከያ ክኒንን ለምን ያዳክማል? ሸመደድኩት እንጂ አልገባኝም» ብለሻል። ነገሩ ያለው ጉበት ላይ ነው። ሪፋምፒሲን፣ መድኃኒት የሚሰባብሩ ኢንዛይሞችን፣ በተለይ ሲዋይፒ3ኤ4 የሚባለውን፣ ጉበት አብዝቶ እንዲያመርት ያደርጋል። የክኒኑ ሆርሞን ቶሎ ይሰባበርና በደም ውስጥ ያለው መጠን ይወርዳል። ይህ በአንድ ቀን አይመጣም፤ ሙሉ ለሙሉ እስኪታይ ሁለት ሳምንት ገደማ ይወስዳል። መድኃኒቱ ሲቆምም ወዲያው አይጠፋም፤ ተጨማሪ 4 ሳምንት መጠንቀቅ የሚመከረው ለዚህ ነው።

እዚህ ጅማ የቲቢ ክፍል ስሠራ፣ ለአንዲት እናት ሽንቷ ብርቱካንማ እንደሚሆን ብቻ ነግረን ሸኘናት። በሚቀጥለው ቀጠሮ የነጠላዋን ጫፍ ፈትታ የወሊድ መከላከያ ክኒኗን ስታሳየኝ ደነገጥኩ። ማናችንም አልጠየቅናትም ነበር። ዛሬም ይቆጨኛል።

በየሦስት ወሩ የሚወጋው መርፌና ማህፀን ውስጥ የሚቀመጠው ሉፕ ችግር የለባቸውም። ክንድ ውስጥ የሚቀበረው ግን ይዳከማል፤ የኤችአይቪ መድኃኒቱ ኤፋቪሬንዝም እንዲሁ ያዳክመዋል። የተለመደው የቲቢ ሕክምና 6 ወሩን ሙሉ ሪፋምፒሲን አለበት፤ ስለዚህ መድኃኒቱን ከማስጀመርሽ በፊት ምን መከላከያ እንደምትጠቀም ጠይቂያት፤ አፋን ኦሮሞ የሚቀላት ከሆነ በአፋን ኦሮሞ፣ ባልየው ወይም አማቷ በሌሉበት።