ሂት ፓምፑ አርጅቷል፤ ገንዘቡስ?

ብርድ ሲመጣ የሚያሞቅ፣ ሙቀት ሲመጣ የሚያቀዘቅዝ ሂት ፓምፕ ያላችሁ አንባቢዎች ጥያቄ አብዝታችኋል። የዛሬው ዓምድ ለእናንተ ነው።

ጥያቄ፦ ሂት ፓምፓችን 13 ዓመቱ ነው። አንድም ቀን አላስቸገረንም። ለመቀየሪያው መቆጠብ አሁን እንጀምር ወይስ ገና ነው?

አሁኑኑ ጀምሩ። አብዛኛው ሂት ፓምፕ ከ10 እስከ 15 ዓመት ያገለግላል። በደንብ ከተያዘ ወደ 20 ሊጠጋ ይችላል። ቤታችሁ ባሕር አጠገብ ከሆነ ግን ጨዋማው አየር የውጪውን ማሽን ስለሚበላው ዕድሜው ያጥራል።

ስሌቱ አያስቸግርም። የአዲሱን ዋጋ ከነገጠማው አስጠኑ። ከዚያ 3 ዓመት ይቀረዋል በሉና ለ36 ወር አካፍሉት። ታዲያ በዛሬው ዋጋ ላይ ትንሽ ጨመር አድርጉ። ዋጋ ከመናሩም ሌላ፣ አዲሱ ማሽን የመዳብ ቱቦው ወይም የመብራት መስመሩ ካልተቀየረ አልገጠምም ሊል ይችላል። ይህን ወጪ ብዙ ሰው ይረሳዋል። ገንዘቡን ከወር አስቤዛ ለይታችሁ አስቀምጡ። ማሽኑ 3 ዓመቱን አልፎ ከሠራ እሰየው፤ ገንዘቡ የትም አይሄድም።

ምን አስቸኮለን ካላችሁ፣ ያረጀ ማሽን ብዙ ጊዜ የሚከዳው ሥራ ሲበዛበት፣ ማለትም ብርዱ በጸናበት ሰሞን ነው። ቤተሰቡ ብርድ ልብስ ተከናንቦ እየተንቀጠቀጠ ማን ዋጋ ያወዳድራል? «ነገ እገጥማለሁ» ያለውን ሰው በጠራው ዋጋ እሺ ትላላችሁ። ብርዱም ሙቀቱም ባልበረታበት ወቅት ግን ገጣሚዎች ፋታ አላቸው፤ እናንተም ሦስት ቦታ ጠይቃችሁ መምረጥ ትችላላችሁ።

ጥያቄ፦ ቴክኒሻኑ በየዓመቱ ጋዝ ይሞላልናል። ጤነኛ ነገር ነው?

አይደለም። ሙቀቱን ከውጪ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ውጪ የሚያመላልሰው ጋዝ እንደ መኪና ነዳጅ ተቃጥሎ የሚያልቅ አይደለም፤ በተዘጋ ቱቦ ውስጥ ይዞራል እንጂ። ከጎደለ የሆነ ቦታ ያፈስሳል ማለት ነው። መጀመሪያ ቀዳዳው ይፈለግ። የውጪው ማሽን ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍም እዩት። አር-22 (R-22) የሚል ከሆነ፣ የኦዞን ንጣፍን ስለሚጎዳ በሞንትሪያል ስምምነት መሠረት ከገበያ እየወጣ ያለ ጋዝ ነው። ለመሙያ የምታወጡትን ለአዲሱ ብታስቀምጡት ይሻላል።

ጥያቄ፦ «ኮምፕረሰሩ ተቃጥሏል» ተባልን። 12 ዓመቱ ነው። እናስጠግን?

ኮምፕረሰር ማለት ጋዙን እየጨመቀ የሚያዞረው የማሽኑ ልብ ነው። ዋስትናው ካለፈ እኔ አላስጠግንም። ግን ቆይ፣ በእርግጥ ተቃጥሏል? ካፓሲተር የምትባል፣ ኮምፕረሰሩን ለማስነሳት የምትረዳ ትንሽ ዕቃ ስትበላሽም ኮምፕረሰሩ እምም ይላል እንጂ አይነሳም። እሷ ደግሞ ርካሽ ናት። ቴክኒሻኑ ፊታችሁ በኤሌክትሪክ መለኪያ ለክቶ ያሳያችሁ።

ጥያቄ፦ በብርድ ጊዜ ከውጪው ማሽን ጭስ የመሰለ ነገር ይወጣል።

እንፋሎት ነው። ማሽኑ የያዘውን በረዶ እያቀለጠ ነው። የሚቃጠል ነገር ካልሸተታችሁ ተዉት።

ጥያቄ፦ ከገዛን አይቀር ተለቅ ያለውን ብንገዛስ?

ተዉ። ከቤቱ ልክ በላይ የሆነ ማሽን ቶሎ ቶሎ እየተነሳ ይጠፋል፤ እንዲያ ሲሆን ደግሞ ቶሎ ያረጃል። ይልቅ በመስኮትና በበር ሥር የሚገባውን ነፋስ ድፈኑ፣ ጣሪያውንም ሙቀት እንዳያስወጣ አድርጉት። ለቤቱ የሚበቃው ማሽን ልኬት ከዚያ በኋላ ይሠራ። ምናልባት አነስ ያለው ይበቃችሁ ይሆናል፣ ለመግዣው ማጠራቀም ያለባችሁ ገንዘብም በዚያው ልክ ይቀንሳል።