ማንጎዬ ለምን አያብብም? ጥያቄና መልስ ከድሬዳዋ

ዛሬ ስለ ፍራፍሬ ዛፎች አበባ ጠይቁኝ። አንድ ነገር ብቻ አደራ፦ ችግኙ ከዘር ነው ወይስ የተዳቀለ (የሌላ ዛፍ ጫፍ የተጣበቀበት)? መጀመሪያ ይህን ጻፉ።

ሳቢያን፦ ጋሼ፣ ማንጎዬ 6 ዓመቱ ነው፣ ከዘር። ጣሪያውን አልፏል፣ አበባ ግን የለም።

መልስ፦ ቁመቱ አያታልልህ፣ ገና ልጅ ነው። ኤፍቲ የሚባል ጂን (ዛፉ በውርስ ያገኘው መመሪያ) አለ። ደረቅና ቀዝቃዛው ወቅት ሲመጣ ቅጠሉ ውስጥ ፕሮቲን ይሠራል። ፕሮቲኑ በቅርፊቱ ሥር ተጉዞ ጫፉን «አብብ» ይለዋል። ቲኤፍኤል1 የሚባለው ዘመዱ ደግሞ ጫፉ ላይ ሆኖ ይከለክላል። በልጅነቱ ከልካዩ ያይላል። እ.ኤ.አ. በ2001 የስፔን ተመራማሪዎች የአበባ ጂን ከአንዲት ትንሽ አረም ወስደው ለብርቱካን ዲቃላ ሰጡ። ዓመታት የሚጠበቀው ችግኝ በመጀመሪያው ዓመት አበበ! አንተ ግን ላብራቶሪ አያስፈልግህም። ዛፉን ቁረጠው፣ አዲስ ቡቃያ ሲያወጣ ካፈራ ዛፍ ጫፍ አምጥተህ አዳቅልበት። ጫፉ ጉልምስናውን ይዞ ይመጣል።

ለገሃሬ፦ አቦ ሚስማር ምታበት! አባቴ እንዲያ ነው የሚያደርገው።

ጀጎል፦ የእኛም ሎሚ በሚስማር ነው ያበበው።

ከዚራ፦ የሐረር ብርድ ነው እንጂ ያሳበበው፣ ሚስማሩ ምን አገባው?

ጀጎል፦ ብርድማ በየዓመቱ አለ።

መልስ፦ ሚስማሩን ተዉት፣ ቁስሉ በሽታ ያስገባል። ብርዱ ግን እውነት ነው። ማንጎ የሌሊት ቅዝቃዜ ይፈልጋል፣ የደረሰ ቅጠልም ይፈልጋል። ስለዚህ ከመስከረም በኋላ ዩሪያና ብዙ ውሃ አትስጡት። ያ ቀላ ያለ፣ እንደ እርጥብ ጨርቅ የሚንጠለጠል ለጋ ቅጠል ጫፉን ከያዘው የዚያ ቅርንጫፍ አበባ ቀረ በሉ።

መጋላ፦ ዛፌ አያብብም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ የቱ ዛፍ? ከዘር ወይስ የተዳቀለ? ከላይ ጽፌያለሁ እኮ!

ቀፊራ፦ ጫትስ?

መልስ፦ የጫት ጉዳይ ቅጠሉ ነው። ሌላ ሰው ጠይቅ።

ደቻቱ፦ የእኔ የተዳቀለ ነው፣ ልጄ። አምና ቅርንጫፉ እስኪሰበር አፈራ፣ ዘንድሮ ባዶ። ጎረቤት የሰው ዐይን ነው አለኝ።

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ነበር የምጠብቀው፣ እማማ። ዐይን አይደለም። ብርቱካን ላይ በደንብ ተጠንቷል፦ ፍሬ የበዛበት ቅርንጫፍ ቅጠሉ ውስጥ ኤፍቲ ይቀንሳል። ማንጎም ጠባዩ ይኸው ነው። ፍሬው ሲበዛ ገና ለጋ ሳለ አሳሱት። የደረሰውን ደግሞ ዛፉ ላይ አታቆዩት።

መጋላ፦ ይቅርታ ጋሼ። ብርቱካን ነው፣ ከዘር፣ 3 ዓመቱ።

መልስ፦ እንዲህ ነው መጠየቅ! ገና ነው፣ ብርቱካን ከዘር ከማንጎም ሊቆይ ይችላል። አዳቅለው።

ሳቢያን፦ የማዳቀያውን ጫፍ ከየት ላግኝ?

መልስ፦ እርሳስ የሚያክል፣ እንቡጡ አብጦ ያልተከፈተ ምረጥ። ዛፉ ማፍራቱን ግን በወሬ እንዳታምን፣ ሄደህ በዐይንህ እይ።