ኦክሲን በተክል ውስጥ እንዴት ይጓዛል? ጥያቄና መልስ

ስለ ዕፅዋት ሆርሞኖች ሳወራ ብዙ ጥያቄ የመጣው እድገትን በሚመራው በኦክሲን ላይ ነው። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌ እንደ አመጣጣቸው እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ኦክሲን የሚሠራው የት ነው?

መልስ፦ በብዛት የሚሠሩት ለጋ ቅጠሎች፣ የቀንበጥ ጫፍና በማደግ ላይ ያለ ዘር ናቸው። ሥርም በመጠኑ ይሠራል። ዋናው የተፈጥሮ ኦክሲን ኢንዶል አሴቲክ አሲድ ሲሆን፣ ተክሉ የሚሠራው ትሪፕቶፋን ከተባለ አሚኖ አሲድ ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ እንደ ስኳር በቱቦ ይጓዛል ማለት ነው?

መልስ፦ ከፊሉ፣ አዎ። ከደረሱ ቅጠሎች የሚነሳው ስኳር በሚያጓጉዘው ቱቦ፣ በፍሎየም ገብቶ ስኳሩ ወደሚሄድበት ይሄዳል፤ ይህ ፈጣኑ መንገድ ነው። ሌላው ግን ከሴል ወደ ሴል እየተቀባበሉት የሚያልፍ ነው፤ በሰዓት 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ። ቀርፋፋ ቢሆንም ትልቁን ሥራ የሚሠራው እሱ ነው፤ ምክንያቱም አቅጣጫ አለው። በግንድ ውስጥ ከጫፍ ወደ ሥር ይወርዳል እንጂ እንደፈለገ አይመላለስም።

ጥያቄ፦ ወደ ታች የሚስበው የመሬት ስበት ነዋ?

መልስ፦ ብዙ ሰው እንደዚያ ያስባል፤ አይደለም። የወይን ቁራጭ ወስዳችሁ ገልብጣችሁ አንጠልጥሉት፣ እርጥበትም አይለየው። ሥር የሚያወጣው በፊት የታች በነበረው፣ አሁን ግን ወደ ሰማይ በዞረው ጫፍ ነው። ኦክሲኑ ስበቱን ትቶ የድሮ መንገዱን ስለያዘ እዚያ ይከማቻል፤ ሥር የሚያስወጣውም እሱ ነው።

ምስጢሩ ያለው ሴሉ ውስጥ ነው። ኦክሲን ደካማ አሲድ ነው። ከሴሉ ውጭ ባለው ግድግዳ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) 5.5 አካባቢ ስለሆነ ከኦክሲኑ 15 በመቶ ያህሉ የኤሌክትሪክ ቻርጅ የለውም፤ ይህኛው በሽፋኑ ሰርጎ ይገባል። የቀረውን ደግሞ ኦክስ 1 የሚባለው ዓይነት ፕሮቲን ያስገባዋል። ውስጥ ግን ፒኤቹ 7 አካባቢ ነው፤ እዚያ ሲደርስ ከሞላ ጎደል ሁሉም ቻርጅ ይይዛል፣ በገባበትም መውጣት አይችልም። ከየትም የሚገባበት፣ መውጫ በሩ ግን በአንድ ጎን ብቻ የሆነ ክፍል በሉት። መውጫ በሮቹ ፒን የሚባሉ ፕሮቲኖች ናቸው። በግንድ ውስጥ ፒን 1 የሚቀመጠው በሴሉ የታችኛው ጎን ነው፤ የታችኛው ሴልም እንዲሁ ያወጣዋል፣ ከዚያም ቀጣዩ። ይህን ሐሳብ ተመራማሪዎቹ ሩበሪና ሼልድሬክ እ.ኤ.አ. በ1974፣ ሬቨን ደግሞ በ1975 ያቀረቡት ፕሮቲኖቹ ሳይታወቁ ነው፤ ለእኔ ከባዮሎጂ ግምቶች ሁሉ ደስ የሚለኝ ይኸኛው ነው። ኋላ ላይ ፒን 1 የጎደለው አራቢዶፕሲስ (ለምርምር የምትዘወተር ትንሽ ተክል) ተገኘ፦ አበባ ማውጣት ያቃተው፣ ራቁቱን የቆመ ዘንግ።

ጥያቄ፦ ስበት ካልሳበው ያጋደለ ችግኝ እንዴት ቀና ይላል?

መልስ፦ ስበት ኦክሲኑን አይስብም፤ በሮቹን ያዛውራል። በሥር ጫፍና በግንድ ውስጥ ያሉ አንዳንድ ሴሎች ከባድ የስታርች ቅንጣቶች አሏቸው። ተክሉ ሲያጋድል ቅንጣቶቹ ይሰፍራሉ፣ ፒን 3ም ወደ ታችኛው ጎን ይዞራል፣ ኦክሲኑም በዚያ በኩል ይበዛል። የሚገርመው ውጤቱ ነው፤ በግንድ የበዛበት ጎን ፈጥኖ ስለሚረዝም ግንዱ ወደ ላይ ይቀናል፣ በሥር ግን ያው ብዛት እድገትን ስለሚገታ ሥሩ ወደ ታች ይታጠፋል።

ጥያቄ፦ እኛ ጋ እንሰት ሲባዛ የአኮራቹ (ከመሬት በታች ያለው ወፍራም ግንዱ) እምብርት ተፍቆ ይወጣና ይቀበራል፤ ከዚያ ብዙ ችግኝ ይፈላል። ግንኙነት አለው?

መልስ፦ ቀጥተኛ ግንኙነት ነው፣ ወንድሜ። መሐል ላይ ያለው ዋና እምቡጥ እስካለ ድረስ የጎኖቹ ተኝተው ይቆያሉ። እሱ ሲወገድ ነው የሚነሱት። አሮጌ ቡና ሲጎነደል ከጉቶው ብዙ ቀንበጥ የሚፈላውም ለዚሁ ነው።

ግን አንድ ነገር ላርም፤ ኦክሲኑ ወደ ጎን እምቡጥ ገብቶ አያፍነውም። እምቡጡ ለማደግ የራሱን ኦክሲን ወደ ግንዱ ማስወጣት አለበት፤ ዋናው መስመር ከላይ በሚመጣው ከተሞላ ይህ ያቅተዋል። ጫፉ ሲቆረጥ መስመሩ ይለቀቅለታል። ነገሩ የኦክሲን ብቻ አይደለም፤ ስኳርና ስትሪጎላክቶን የተባለ ሌላ ሆርሞንም እጃቸው አለበት።

ጥያቄ፦ ጤፍ ላይ የምንረጨው የአረም ማጥፊያ፣ ቱፎርዲ፣ ኦክሲን ነው ሲሉ ሰማሁ። እውነት ነው?

መልስ፦ ሰው ሠራሽ ኦክሲን ነው። ወደ ሴል የሚገባው በተፈጥሮው ኦክሲን መግቢያ ነው፤ የፒን መውጫዎች ግን እምብዛም አያሳልፉትም፣ ተክሉም ቶሎ አያፈርሰውም። ስለዚህ ሰፊ ቅጠል ያለው አረም ውስጥ ይከማቻል፤ ግንዱ ይጠማዘዛል፣ ቅጠሉ ይቆረፍዳል፣ ይሞታል። ጤፍ የሣር ወገን በመሆኑ ይችለዋል፤ በውስጡ ብዙም አያዘዋውረውም፣ መርዝነቱንም ያረክሰዋል። ጎረቤትህ ባቄላ ወይም ሽንብራ ካለው ግን ነፋስ ባለበት ሰዓት አትርጭ።

ጥያቄ፦ ለጽጌረዳ ቁራጭ ሥር ማስወጫ ዱቄት ገዛሁ። የትኛው ጫፍ ላይ ልቀባ? ቅጠሉንስ ሁሉ ላራግፈው?

መልስ፦ የታችኛው ጫፍ ላይ፣ እህቴ። ከላይ ያሉትን አንድ ሁለት ቅጠሎች ተዪአቸው፤ ኦክሲንና ስኳር ወደ ታች ይልካሉ። ከመትከልሽ በፊት ግን ላይና ታቹን ምልክት አድርጊበት፤ እሾሁ ቁልቁል ማጎንበስ ስለሚወድ እሱን አይተሽም መለየት ትችያለሽ።