ፌብሩዋሪ ከኤፕሪል በኋላ የመጣበት ዓመት

ውድ ወጣቶች፣

ባለፈው ወር አባቷ ጎንደሬ፣ እናቷ የማሳቹሴትስ ተወላጅ የሆነች አንዲት ልጅ «ጋሼ፣ የእናቴን ወገን እስከ 1700ዎቹ ድረስ እንዴት አድርጌ ልከተል?» ብላ ጠየቀችኝ። በቤተ መጻሕፍት የአካባቢ ታሪክ ክፍል ሠላሳ ዓመት ለሠራ ሰው መልሱ ከባድ አልነበረም፤ ነገር ግን ከሞቱ ብዙ ዘመን የሆናቸው አንዲት እመቤት ፊቴ ላይ ድቅን ብለውብኝ ሌሊቱን እንቅልፍ ሳይወስደኝ አደርኩ።

ሥራውን በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት እኒህ አሮጊት ማክሰኞ ማክሰኞ አንድ አረንጓዴ ደብተር ይዘው ይመጡ ነበር። ከቀደምት የኒው ኢንግላንድ ሰፋሪዎች የተወለደ የጥንት አያት እንዳላቸውና እርሱም የእነ እገሌ የበኩር ልጅ እንደ ነበረ አያታቸው ነግረዋቸዋል። መዝገቦቹን አወጣሁላቸው፤ ወላጆች የተባሉት የተጋቡት በኤፕሪል 1701፣ ልጁ የተጠመቀው ደግሞ በፌብሩዋሪ 1701 ነው ይላል። እኔም ከሠርጉ ሁለት ወር ቀድሞ የተጠመቀ ልጅ የእነዚህ ባልና ሚስት ሊሆን አይችልም፣ ተመሳሳይ ስም ያለው የሌላ ቤት ልጅ ነው ብዬ፣ ደብተራቸው ላይ በገዛ እጄ በእርሳስ ሰረዝኩት። «እንግዲያው አያቴ ተሳስታለች» አሉና ደብተሩን ዘጉት፤ ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ ባዕድ ቤተሰብ ሲከታተሉ ኖሩ።

የተሳሳትኩት እኔ ነበርኩ። በእንግሊዝ ቅኝ ግዛቶች እስከ 1752 ድረስ ዓመቱ የሚለወጠው በጃንዋሪ 1 ሳይሆን፣ በእኛ ቤተ ክርስቲያን መጋቢት 29 የሚታሰበው የጌታ ጽንሰት በሚውልበት በማርች 25 ነበርና፣ ፌብሩዋሪ 1701 ከኤፕሪል 1701 አሥር ወር በኋላ የመጣ ነው። ጆርጅ ዋሽንግተን እንኳ በተወለደበት ዘመን አቆጣጠር ልደቱ ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1731 ሲሆን፣ ዛሬ የምናውቀው ፌብሩዋሪ 22 ቀን 1732 ብለን ነው። የሚያሳፍረኝ ደግሞ ይህን ከማንም በፊት መጠርጠር የነበረብኝ እኔ መሆኔ ነው፤ የትውልድ ዘመኔ በኢትዮጵያ አቆጣጠር እንዳለ ወደ አሜሪካ ወረቀት ስለ ተገለበጠ በሰነድ ከዕድሜዬ በላይ አርጅቼ የኖርኩ ሰው ነኝ። ጡረታም በዚሁ ሰበብ ቀድሜ ወጣሁ።

ስሕተቴ የገባኝ ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ አንድ ጠንቃቃ ጸሐፊ ዓመቱን በሰያፍ መስመር ከፍሎ 1701/2፣ ማለትም በአሮጌው አቆጣጠር 1701 በአዲሱ 1702፣ ብሎ የጻፈበት ገጽ እጄ ሲገባ ነው። ቤታቸው ስደውል ስልኩን ያነሣው ልጃቸው ነበር። ደብተሩ የት እንደ ገባ እርሱም አያውቅም።

እናንተ ደግሞ ሌላ ሰው ኢንተርኔት ላይ የለጠፈውን የዘር ሐረግ በአንድ ምሽት ገልብጣችሁ ሦስት መቶ ዓመት ደረስን ትላላችሁ፤ ሰነዱን ሳያዩ ስም መሰብሰብ ለእኔ ሥራ አይደለም። በ1790 የተጀመረው የሕዝብ ቆጠራ እስከ 1840 ድረስ በስም የሚጠራው የቤቱን አባወራ ብቻ ነውና፣ ለዚያ ዘመን ኑዛዜና የመሬት ሽያጭ ውል ይሻላሉ። በቅኝ ግዛት ሰነድ ውስጥ «ጁኒየር» የተባለውም የግድ ልጅ አይደለም፤ በዚያው ከተማ ተመሳሳይ ስም ካላቸው ሁለት ሰዎች ታናሹን ለመለየት ብቻ ይጻፍ ነበር። የቤተሰብ ወሬን ማስረጃ አድርጋችሁ አትያዙ፤ ምንም እንኳ የእኒያ እመቤት አያት ከእኔ መዝገብ ይልቅ ትክክል የነበሩ ቢሆንም።

ያች ልጅ ትናንት የመጀመሪያውን ገጽ ቅጂ ላከችልኝ። ጸሐፊው በዘመኑ ልማድ ወሩን በስም ሳይጠራ «12ኛው ወር» ብሎታል፤ እርሷም ከጎኑ «ዲሴምበር» ብላ ጽፋበታለች። ማርች አንደኛ ወር ሆኖ በሚቆጠርበት በዚያ ዘመን ይህ ፌብሩዋሪ ነው። እርሳሴን አነሣሁና መልሼ አስቀመጥኩት፤ ነገ ከሰዓት በኋላ እንድትመጣ ቀጥሬያታለሁ።